«የጋራችን» የሚለውን ከመኪናዬ ላይ ስነቅል

ዛሬ ከፒክአፔ ጀርባ የመጨረሻውን ፊደል ነቅዬ ቀና ስል፣ ጎረቤቴ እማማ ዘይነብ ከነጆንያቸው ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል።

መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ደግ ስለነበር ከኋላ «የጋራችን» የሚል የሚያብረቀርቅ ፊደል በሙጫ አስለጥፎበታል። ከገዛሁት ጀምሮ ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ ያለ መንገደኛ ሳይጠይቀኝ ይሳፈራል። ለራሴ ሸቀጥ ቦታ አጣሁ።

ሌላው ጎረቤቴ ጋሽ ይመር «በቢላ ፈንቅለው» ብለውኝ ነበር። ቀለሙ ቢላጥ እሳቸው አይመልሱልኝ።

ሙቅ ውሃ ውስጥ የነከርኩትን ፎጣ ለጥፌ ሙጫውን አለሰለስኩ፣ በናይለን ክር ከስር እየገዘገዝኩ አላቀቅኩ፣ የቀረውን በምግብ ዘይት አሸሁ። አንዲት ጭረት የለም።

ችግሩ፣ መኪናው ፀሐይ ያገረጣው ቀይ ነው። ከፊደሎቹ ስር የነበረው ቀለም ግን እንደ አዲስ ነው። «የጋራችን» አሁን ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

«እማማ፣ ፊደሉን እኮ አነሳሁት» አልኳቸው።

«አየሁ ልጄ። ድሮ እያብረቀረቀ ለዓይኔ አልታይ ይለኝ ነበር። አላህ ይስጥህ፣ አጥርተህ ጻፍከው። በል ንዳ፣ ገበያው ሳይበተን።»

ነዳሁ። ከኋላም አራት ሰው ነበር።

እናንተስ፣ ላጥፋው ስትሉ ይበልጥ የጎላባችሁ ነገር ምንድን ነው? እስቲ ብቻዬን አታስቀሩኝ።