በባህር ዛፉ ሥር የተጻፉ ስሞች

ባለፈው ክረምት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ጫማ ሰፊ ላስቲክ ሥር ተጠለልኩ። ሰውየው ክሩን በሰም ቁራጭ ላይ ደጋግሞ ይስባል፤ ከዚያ በወስፌ በበሳው ቆዳ ውስጥ ይሰደዋል። የሰሙና የእርጥቡ ቆዳ ሽታ ተቀላቅሎ መጣብኝ። የሚኒባሱ ረዳት «ዳንግላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ያ ሽታ የጋሼ ፈንቴ ሽታ ነበር።

ጋሼ ፈንቴ ዳንግላ ውስጥ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ለጋሪ ፈረሶች ልጓም፣ የአንገት ማሰሪያና መጎተቻ መስፋት ነው። ከቆዳ፣ ከአሮጌ ጎማና ከጆንያ ይሠሩታል፤ ከዚያ ከማስረከባቸው በፊት ማሰሪያውን በራሳቸው አንገት ላይ አድርገው ወዲያ ወዲህ ያሹታል። ከቧጠጣቸው ፈትተው እንደገና ይሰፉታል። በዚህ ምክንያት አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ቀይ ሰንበር አይጠፋም ነበር።

የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ከቤታቸው ጀርባ ያለች፣ በጭቃ የተመረገች አንዲት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ናት። እሑድ ጠዋት አሥራ አምስት የማይሞሉ ሰዎች ይሰበሰቡባታል። ጋሼ ፈንቴ የሚሰብኩት ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአገውኛ ነበር። በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቄ ሳይ፣ አገውኛው ሲመጣ ከገጠር የመጡት አሮጊቶች ቀና ይሉ ነበር፤ ልክ አንድ ሰው በስማቸው እንደጠራቸው።

አጮልቄ የማየው ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ መወርወር የሰፈሩ ልጆች የእሑድ ጨዋታችን ነበር። ሴት ብሆንም ክንዴ ጥሩ ነው፤ ከወንዶቹ ይልቅ የኔ ድንጋይ ጣሪያው መሀል ላይ ያርፋል። ድንጋዩ ሲጮህ ጋሼ ፈንቴ ስብከታቸውን ያቆማሉ፣ ድንጋዩ ተንከባሎ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ወጥተው ተቆጥተውን አያውቁም። ስለማይቆጡ የበለጠ እንወረውር ነበር።

አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር፤ የሰፈራችን ዕድር ዳኛም እሱ ነው። ከጋሼ ፈንቴ ጋር በወጣትነታቸው አብረው ፈረስ የገሩ፣ አብረው የኮበለሉ፣ አንዱ የሌላውን ሠርግ የደገሰ ጓደኛሞች ነበሩ። ጋሼ ፈንቴ ወንዝ ወርደው ሁለተኛ የተጠመቁ ለት ያ ሁሉ ቀረ። አባቴ በራሱ እጅ ስማቸውን ከዕድሩ መዝገብ ሰረዘ። የሚገርመው፣ ፈረሳችን አንገት ላይ ያለው የጋሼ ፈንቴ ማሰሪያ እስኪበጣጠስ ድረስ አልወለቀም። እንደሱ ያለ የሚሰፋ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ፣ በክረምት፣ የጋሼ ፈንቴ ባለቤት እትዬ ጥሩዬ ጥቂት ቀን በትኩሳት ተኝተው ሞቱ። ቤተሰቦቻችን ከመለያየታቸው በፊት ጸጉሬን የሚሠሩኝ እሳቸው ነበሩ። ጠዋት የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ እናቴ ነጠላዋን አንስታ ልትወጣ ስትል አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?»

«ጥሩዬ እኮ ናት!»

«ዳኛው ለጴንጤ ለቅሶ ሚስቱን ላከ እንዲባልልኝ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን መልሳ ሰቀለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ የውጭው በር ተንኳኳ። አባቴ ማን እንደሆነ ከአንኳኳቱ አውቆ ወደ ጓዳ ገባና በጣቱ ጠቅሶ ጠራኝ። «የለም በይው» አለኝ።

ጋሼ ፈንቴ በዝናብ በስብሰው ቆመዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ለእኔ፣ ለልጅ።

«ትርንጎ፣ አባትሽ አለ?»

«የለም።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔም ዓይናቸውን እያየሁ አልሸሸሁም። ጎበዝ መሆኔ ነበር።

«እሺ። እጠብቀዋለሁ» አሉና ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዝናቡ አላቋረጠም። እሳቸውም አልተነሡም። አስከሬን ቤት አስተኝቶ የመጣ ሰው ሰዓቱ እየሄደበት መሆኑን እኔ እንኳ አውቅ ነበር። አባቴ ጓዳ ተቀምጦ ምሳው እስኪቀርብ ጠበቀ፤ በላ፤ እጁን ታጠበ። ከዚያ እጁን በጋቢው እየጠራረገ ወጣና ደጁ ላይ ቆመ።

ጋሼ ፈንቴ ከድንጋዩ ተነሡ። መጀመሪያ ያዩት አባቴን አልነበረም፤ ከበሩ ጀርባ የቆምኩትን እኔን ነበር።

«አያሌው» አሉት አባቴን፣ «ድንኳን አልጠየቅሁህም። ቃሬዛም፣ ሰውም አልጠየቅሁም። ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ተነጋገርልኝ። ጥሩዬ እናቷም አባቷም እዚያ ግቢ ነው ያሉት። ከጥግ ትንሽ አፈር ብቻ።»

«ሁለተኛ ውኃ ያጠመቀህ ሁለተኛ መሬት ይስጥህ» አለ አባቴ። «ከደጄ ተነሥ።»

ጋሼ ፈንቴ ኮፍያቸውን አደረጉ። መንገድ ዳር ሆነው ሲሰሙ የነበሩ ሁለት ጋሪ ነጂዎች ሳቁ። የአባቴ አነጋገር ለብዙ ቀን በሰፈሩ ሲደጋገም ሰነበተ፤ ልጆቹም ጨዋታ አደረጉት። እኔም ኮርቼበት ነበር። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ።

ምእመናኑ እትዬ ጥሩዬን በአልጋ ተሸክመው ወንድሞቻቸው ወደሚያርሱበት መንደር ወሰዷቸው። በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የገዛ ወንድሞቻቸው ዱላ ይዘው ከማሳው ዳር ጠበቋቸው። ማንንም አልመቱም፤ ቆመው ብቻ መንገዱን ዘጉ። ስምንቱ ተሸካሚዎች አልጋውን በጭቃ ላይ እንኳ ሳያሳርፉ ዞረው ተመለሱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማ ሲገቡ እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ ተከተልን። በየሱቁ በር ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ያጎነበሰ የለም፤ ነጠላውን ያዘቀዘቀ የለም።

ጨውና ሳሙና የሚቸረችሩት ሐጂ እድሪስ ከሱቃቸው ወጥተው መሀል መንገድ ላይ አስቆሟቸው።

«ወዴት ነው የምትወስዷት?»

«አላወቅንም፣ ሐጂ» አሉ ጋሼ ፈንቴ።

ሐጂ እድሪስ አልጋውን አዩት፣ የተሸካሚዎቹን እግር አዩት። «ከከተማው መውጫ ያለው ባህር ዛፌ ሥር ይሁን። ሥሩ ያስቸግራችኋል። መጥረቢያ ይዛችሁ ሂዱ።»

እትዬ ጥሩዬ እዚያ ተቀበሩ። በአካፋ የሚቆፈር አልነበረም፤ በመጥረቢያ ሥር እየተቆረጠ ነው ጉድጓዱ የተቆፈረው። ከሩቅ ሆኜ የሰማሁት የመጥረቢያው ድምፅ የእንጨት ፈለጣ እንጂ የቀብር አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ፈንቴ ያችን ቦታ በእሾህ አጠሯት። ሐጂ እድሪስም አልከለከሏቸው። ወሬው ቀስ እያለ ተሰማ፦ ሰው የሌለው ሰው ሲሞት ጋሼ ፈንቴ ይወስዱታል ተባለ። ለቀን ሥራ መጥተው በበሽታ የሞቱ፣ በድንጋይ ካባ ውስጥ ናዳ የተጫናቸው፣ ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን። የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይጠይቁም፤ ስሙን ግን ይጠይቃሉ። አንድ ጊዜ የአንድን የቀን ሠራተኛ ስም ለማግኘት አብሮት የሠራ ሰው ፍለጋ ከካምፕ ካምፕ ሲሄዱ ሰንብተዋል። ስሙን ሲያገኙ ወስፌያቸውን እሳት ውስጥ አግለው በጣውላ ላይ ያቃጥሉታል፤ ጣውላውንም ከመቃብሩ ራስጌ ይተክሉታል።

ከተማው ምን አላቸው? «ጉድጓድ ቆፋሪው» አላቸው። ጋሪ ነጂዎቹ ደግሞ እጃቸው ሬሳ ይነካል ብለው ዕቃ ማሰፋት ተዉ። አንገታቸው ላይ የነበረው ሰንበር ሲጠፋ ያስተዋለ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

ዓመታት ሄዱ። ተማርኩ፣ እንጅባራ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ እንደወጉ እናቴ ቤት ዳንግላ መጣሁ። ሴት ልጅ ነበረች። ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ በአምሳ ሁለተኛ ቀኗ፣ ጡቴን እንደያዘች ትንፋሿ ቆመ። ባለቤቴ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዶ ስልኩ ኔትወርክ አልነበረውም። ቄሱ መጡ፣ አዘኑ፣ «ያልተጠመቀች ናት፤ ፍትሐት የላትም» ብለው ሄዱ።

አባቴ ፊቴን ሳያይ «ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር ትደረግ። ሰው ሳይሰማ» አለ።

ከአጥሩ ሥር የእናቴ ዶሮዎች ይጭራሉ። ልጄን በነጠላዬ ጠቀለልኳትና ወጣሁ። እናቴ በዚህኛው ጊዜ ነጠላዋን አልሰቀለችም፤ ተከተለችኝ።

ጋሼ ፈንቴ አርጅተዋል። ከቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። የያዝኩትን ሲያዩ ተነሡ።

«ስሟ ማነው?»

«ክርስትና አልተነሳችም፣ ጋሼ።»

«ክርስትናዋን አይደለም። ስሟን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ውባለም» አልኩ። ከሞተች ጀምሮ ስሟን የጠራ አልነበረም። ቤት ውስጥ «ሕፃኗ» ብቻ ሆና ነበር።

ባህር ዛፉ ሥር ራሳቸው ቆፈሩ። አንድ ሁለት ምእመናን ሊረዷቸው ቢሞክሩም እንቢ አሉ። ሥሩ አስቸገራቸው፤ እያረፉ ነበር የሚቆፍሩት። አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አባቴ የለም ብዬ ዋሽቼዎት ነበር።»

አካፋውን ተደግፈው ቆሙ።

«አስታውሳለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? አባትሽን ቶሎ ነው ይቅር ያልኩት። ያቃተኝ አንቺን ነው። ያቺን የምታህል ልጅ፣ ዓይኔን እያየች! ጥሩዬ ስንት ቀን ጸጉሯን የሠራቻት ልጅ! እሑድ ስለ ይቅርታ እሰብካለሁ፤ ሰኞ መንገድ ላይ ሳይሽ ፊቴን አዞርብሻለሁ። ብዙ ዓመት ጠልቼሻለሁ፣ ትርንጎ።»

«አሁንስ?» አልኳቸው።

«አሁንማ ጉድጓድ እየቆፈርኩልሽ ነው» አሉና መጥረቢያውን አነሡ።

ጋሼ ፈንቴ የሞቱት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ አንዷ እኔ፣ አንደኛው የሐጂ እድሪስ ልጅ። ዕድሩ ድንኳን አልላከም። አዲሱ ዳኛ «መዝገብ ላይ የሌለን ሰው እንዴት አድርጌ?» አለ አሉ። እውነቱን ነው፤ መዝገብ ላይ የሉም። ማታ ወደ ወላጆቼ ቤት ስገባ አባቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «ማን ቆፈረለት?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኛው» አልኩት። ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ እምነቴን አልቀየርኩም። ከጋሼ ፈንቴ በኋላ ቁፋሮውን የያዙት አራት ምእመናን ሲቆፍሩ ግን እሄዳለሁ፤ ጣውላው ላይ የምጽፈውም እኔ ነኝ፣ እንደሳቸው አላምርም እንጂ። የዛሬ ዓመት፣ በጥቅምት፣ አንዲት አሮጊት ከግምጃ ቤት ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር በእግራቸው መጡ። አማርኛ አያውቁም። ለቀን ሥራ ወጥቶ ስለቀረ ልጃቸው በገበያ ሲጠይቁ አንድ ሰው ወደ ባህር ዛፉ መራቸው። በተሰባበረ አገውኛዬ የልጃቸውን ስም ጠየቅኋቸውና ጣውላዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ሄድኩ። ጥግ ላይ፣ በጋሼ ፈንቴ እጅ የተቃጠለ፣ ዝናብ ያደበዘዘ የልጃቸውን ስም አገኘሁ።

እጃቸውን ይዤ ፊደሉ ላይ አስቀመጥኩላቸውና አነበብኩ። «አለልኝ። ከግምጃ ቤት ወዲያ። እናት አለችው።»

ቃሉን ወደ አገውኛ መለስኩላቸው። አሮጊቷ መሬት ላይ ተቀመጡና የመጨረሻውን እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። እንደገና ጠየቁኝ።