ቅቤ የሌለው አናት

ትናንት ጠዋት የታኅሣሥ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። አሶሳ ቆላ ናት ብሎ የሚያወራ ሰው በዚህ ሰሞን ማለዳ ይምጣና ደጅ ይቁም!

ሚስቴ አራስ ናት። ሦስተኛ ልጃችንን ከተገላገለች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ እናትና ልጅ ሸለብ አደረጋቸው። ትልልቆቹ ደግሞ ይቺን ሰዓት ጠብቀው ተነሡ... በላይና ማሩ። በላይ አምስት ዓመቱ ነው፣ ማሩ ሦስት። አንዱ ፈረስ ሆነ፣ ሌላው ጋላቢ፣ ቤቱ ተናወጠ።

ሚስቴ ዐይኗን ሳትገልጥ «በማርያም፣ ይዘህልኝ ውጣ» አለችኝ።

አማቴ ግን በሩ ላይ ቆሙ። አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ ከወንበራ ደጋ ድረስ በበቅሎ የመጡ ሰው ናቸው።

«በዚህ ብርድ? ማሩን እኮ ሳሉ የለቀቀው ገና ትናንትና ነው!»

«እማማ፣ እርስዎ አገር ልጅ የሚያድገው በውርጭ ላይ አይደል እንዴ?»

«የኛን ውርጭ እናውቀዋለን። የናንተን ነፋስ ግን አላምነውም።»

ብርድ የሚገባው በአናት ነው ብለው የማሩን ጭንቅላት በቅቤ ደፈኑት። ሲጨርሱ «አደራ» አሉኝ። አደራ ከአማት አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚከብድ ያገባ ያውቀዋል።

የት እንደምወስዳቸው አስቤበታለሁ። ከመንደሩ በታች ያለው ሣር በዋዜማው ማታ ተቃጥሏል። በዚህ ወቅት ሣር በተቃጠለ ማግስት ዐመዱ ለብ ብሎ ስለሚያድር፣ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ጠዋት ወደዚያ ነው የሚሮጠው። ፍም እንዳይኖር ዐመዱን በእግሬ እየዳበስኩ ካየሁ በኋላ ለቀቅኳቸው።

አቤት ደስታቸው! ተንከባለሉ፣ ተራጩ፣ አንዱ ሌላውን ቀበረ። የጎረቤቶቻችን የበርታ ልጆችም መጡ። ትንሽ ቆይቶ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አንድ ሆነ... ከዐይንና ከጥርስ በቀር ሁሉም ዐመድ! እኔም ጋቢዬን ጥዬ አብሬያቸው ሮጥኩ። ትልቅ ሰው ስላላየኝ ተመስገን ነው።

ፀሐይዋ ወጣ ስትል «በቃ፣ ወደ ቤት!» አልኩ። በላይ እየዘለለ መጣ። ትንሹ ግን አንድ ጉቶ ሥር፣ ዐመዱ ውስጥ ኩርምት ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። አንገቱን ዳበስኩት... ክር አለ። ማተቡ ነው ብዬ በጋቢዬ ጠቅልዬ ተሸከምኩት።

ቤት ስገባ አማቴ ተቀበሉኝና እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ። እንደገና ዳበሱት። እጃቸውን አሸተቱ።

«ቅቤው የታለ?»

«ዐመዱ መጦት ይሆናል...»

«የሰሊጥ ዘይት እኮ ነው የሚሸተው! አንተ ሰው፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

ጋቢውን ገለጥኩ። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ ሳይሆን በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነው። ልጁ ዐይኑን ገለጠና ፈገግ አለልኝ... የጎረቤታችን የሐሊማ ልጅ፣ ኢድሪስ!

«በላይ፣ ማሩ አለመሆኑን አላየህም?» አልኩት ትልቁን።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንግዳ ያመጣህ መስሎኝ።»

አማቴ «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ማናችንም አልሣቅንም። ልጅ ከመንገድ ነጥቆ የሚሸጥ ባለበት በዚህ ዘመን፣ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሚስቴ ከመደቡ ተነሥታ ነጠላዋን መፈለግ ጀመረች። ብትጮኽብኝ በተሻለኝ።

እየበረርኩ ወረድኩ። ሜዳው ባዶ ነው። «ማሩ! ማሩ!» ... መልስ የለም። ዐመዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት... የትንንሽ እግሮች ዱካ፣ ከዐመዱ ወጥቶ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ ወደ ሐሊማ ጎጆ ይሄዳል።

ሐሊማ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«አቡ በላይ፣ አትፍራ! ልጅ ያንተ እዚህ ነው። ከልጆች ጋር መጣ፣ እሳት አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ኢድሪስ ነው ብዬ ራሱን ነካሁ... ወላሂ፣ ቅቤ! የኔ ልጅ ቅቤ የለውም፣ የኔ ሲምሲም ነው!» ብላ የሰሊጥ ዘይት ያወዛውን መዳፏን አሳየችኝ። «ኢድሪስ አንተ ወሰድክ፣ አይደለም?»

አንገቴን ደፍቼ «አዎ» አልኩ።

ማሩ ታጥቦ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ፣ እሳቱ ዳር ገንፎ ይበላል። አቅፌው አለቀስኩ። ሐሊማ እያየችኝ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

«አባ፣ ነገም ዐመድ እንሄዳለን?» አለኝ።

ሐሊማ ልጇን ልትወስድ አብራን መጣች። ኢድሪስ አማቴ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ አናቱ በቅቤ ተደፍኖ፣ የአራሷን ገንፎ ይጎርሳል። ሁለቱ ሴቶች እስከ ትናንት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ሁለቱም የየልጃቸውን አናት አዩና በሣቅ ፈነዱ። ስድቡ ለእኔ ብቻ ተረፈኝ።

ዛሬ ጠዋት ማሩ አልሳለም። አማቴ ራሳቸው «በል ውሰዳቸው» አሉ። ሐሊማም ኢድሪስን አምጥታ አስረከበችኝ። ልንወጣ ስንል አማቴ አላስችላቸው ብሎ የሁለቱንም አናት ቅቤ ቀቡ። ሐሊማም በበኩሏ ፍቅሯ በዝቶ ሁለቱንም በሰሊጥ ዘይት አሸቻቸው።

እስቲ አሁን እኔ በምን ልለያቸው?