የቨርን ታትል ጉብታ

ቨርን ታትል ዕድሜውን ሙሉ ኢንሹራንስ ሸጦ ጡረታ ወጣ። ከዚያ የከተማችን ቴሌስኮፕ ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ገብቶ ወሬ መሸጥ ጀመረ። ቬርሞንት በረዷማው ክረምት ረጅም ስለሆነ ገዢ አላጣም። በሕይወቱ የሞረደው ሁለት ትንንሽ የቴሌስኮፕ መስታወት ነው፤ ሁለተኛውን ማንም አላየውም።

የማኅበሩ መሥራች ሲሞት አንድ ትልቅ፣ ወፍራም መስታወት ሳይጨርስ ትቶ ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ሂልዳ ለማኅበሩ ቴሌስኮፕ እንዲሆን ሰጡን። እንደሱ ያለ ሌላ አናገኝም። ቨርን ከሁላችንም በላይ ስለጮኸ እሱ እጅ ገባ።

ሥራው ትዕግሥት ላለው አይከብድም። መስታወቱ እንደ ሳህን እስኪጎደጉድ ይታሻል፤ ከዚያ በመብራትና በምላጭ ይፈተናል፤ የምላጩ ጥላ ስህተቱን ያሳያል። ጉድጓዱ ጥቂት ከተዛባ ኮከቡ ፈሶ ይታያል። የታሸ መስታወት ግን ይሞቃል፤ ሲሞቅ ያብጣል። ስለዚህ አሽተህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፤ የምትፈትነው በማግስቱ ነው። አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው።

ቨርን ቤቱ አይሄድም። ማኅበራችን በሚሠራበት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እዚያው የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ በትኩሱ ፈተነው።

«መሃሉ ላይ ጉብታ አለ» አለ።

«የመዳፍህ ሙቀት ነው» አለችው የጥርስ ሐኪሟ ዶሊ ፔኖ። «ነገ አታገኘውም።»

«አንቺ ጥርስሽን ንቀዪ።»

«እሱንም ቢሆን ማደንዘዣው ሳይሠራ አልጀምርም።»

ጉብታውን ሞረደው። ሲያድር ቦታው ጎድጉዶ አገኘው። ያንን ለማስተካከል ጠርዙን ሞረደ፤ እሱንም በትኩሱ ፈተነ። የገዛ እጁን ሙቀት ሲያሳድድ ከርሞ «አልቋል» አለና ብርሃን እንዲያንጸባርቅ አልሙኒየም አስለበጠው።

በረዶው አልፎ በጋው ሲገባ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቴሌስኮፑን ልንመርቅ ኮረብታው ላይ ተሰበሰብን። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። ወይዘሮ ሂልዳ ቀድመው አዩ።

«ቨርን፣ ይቺ ጨረቃ ምን ነካት? የረጠበ ሳሙና መሰለች እኮ።»

«አየሩ ነው፣ ወይዘሮ ሂልዳ። ዛሬ ይንቀጠቀጣል።»

አጠገባቸው ወደቆመው የዶሊ ትንሽ ቴሌስኮፕ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ።

«እዚህ ጋ ያለው አየር ደህና ነው» አሉ ቀና ሲሉ። «በል ፍታልኝ።»

«ምኑን?»

«የባሌን መስታወት።»

ሁላችንም እያየነው ፈታው። ዶሊ በብርድ ልብስ ጠቅልላ መኪናዋ ውስጥ አስገባችው፤ የአልሙኒየም ልባጡን አንስታ እንደ አዲስ ልትሞርደው። ቨርን ባዶው ቱቦ አጠገብ ቀረ። ዘግይተው ለደረሱ ባልና ሚስት፣ አየር እንዲህ ሲሆን የትኛውም መስታወት እንደማይሠራ እያስረዳ ነበር።