እርሳሷ ያቀላው ሰው

ሸዋርካብሽን መርካቶ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ትንሽ ነው። «የፎቶ ቤቷ ልጅ» ይሏታል። ሲኒማ ራስን አለፍ ብሎ፣ ጋሼ ኢስሐቅ ፎቶ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከስሩ መብራት የሚበራለት መስታወት ፊት ቁጭ ብላ፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ የሰው ፊት ስታቀላ ትውላለች። ነጋቲቭ ላይ እርሳስ የነካው ቦታ ፎቶው ሲታጠብ ነጣ ብሎ ይወጣል። ጋሼ ኢስሐቅ ይሄን ስራ «ማሳመር» ይሉታል።

የደንበኛው ልመና ደግሞ ያው አንድ ነው። ሙሽሪት አንገቷን ሰበር አርጋ፣ «እህትዬ፣ እስቲ ትንሽ ቀላ አርጊኝ… ትንሽ ብቻ» ትላለች። ከገጠር የመጣው ነጋዴ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «አፍንጫዬ ከቤት ስወጣ እንዲህ አልነበረም፣ ያንቺ ጌታ መሳሪያ ነው የደፈጠጠው» ብሎ ይቆጣል። ሸዋርካብሽ ለሁሉም እሺ ነው። ጠይሙን የቀይ ዳማ፣ የቀይ ዳማውን ቀይ፣ ቀዩን ፈረንጅ አርጋ ትሸኛለች። «መርካቶ ውስጥ ያልቀላ ቢኖር ከሰል ተራ ብቻ ነው» ይላሉ ጋሼ ኢስሐቅ።

እሷ ራሷ ጠቆር ያለች ጠይም ነች። ልጅ ሆና ጎጃም በረንዳ ውስጥ «ጥላሸት» ነበር የሚሏት። እናቷ እትዬ ታንጉት ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ቀይ ሴት፣ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ያለባቸው። «ባባትሽ ወጣሽብኝ» እያሉ ነው ያሳደጓት። «መልክሽስ ደህና ነበር፣ ቀለምሽ ነው እንጅ!» ሸዋርካብሽ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እርሳሱን የያዘች ቀን መጀመሪያ ያቀላችው የራሷን ፎቶ ነው። እናቷ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ፣ «ልጄ ናት» እያሉ የሚያሳዩት ያንን ነው፤ ልጅቷ ራሷ እዛው አጠገቡ ቆማ።

ኦዊኖ የመጣው ኮንጎ የዘመተው ጦር በተመለሰ ሰሞን ነው። ኬንያዊ ነው፣ ንጉሡ ለአፍሪካ ልጆች በሰጡት ነጻ ትምህርት ስድስት ኪሎ የሚማር። ረጅም ነው። ጥቁር ነው፤ ጥቁርም ሲባል ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ የሚል ጥቁር። ለመታወቂያ ተነስቶ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ሊወስድ ሲመጣ፣ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይንና አንድ ሸሚዝ ብቻ አገኘ።

አማርኛውን የለቀመው ከልብስ አጣቢዋ ነውና ወንዱም ሴቱም ለሱ «አንቺ» ነው።

«እንዴት ዋልሽ ጋሼ» አለ። «ሸሚዝ አለ። ጥሩ ሸሚዝ። እኔ የት ሄድኩ?»

ጋሼ ኢስሐቅ መብራቱ ላይ አላከኩ። መብራቱን ሲያቆሙት ለቀይ ሰው አስበው ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት ይመጣል ብለውም አያውቁ። ሸዋርካብሽ ጓዳ ሆና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወጥታ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ነጭ አንሶላ በጎኑ ወጠረች፣ የቀኑ ብርሃን ጉንጩ ላይ እስኪንሸራተት ጠበቀችና «አሁን ያንሱት» አለች። ጨለማ ክፍል ገብታ ወረቀቱን ስታጥብ ፊቱ ከውሃው ስር ቀስ እያለ ብቅ አለ። ይሄ ፊት ምን ይጨመርለት ብላ ብታይ፣ ብታይ፣ አጣች። ያን ፎቶ እርሳስ ሳይነካው ሰጠችው።

ከዛ ወዲያ ኦዊኖ ፎቶ የማያስፈልገውም ቀን መምጣት ጀመረ።

ሲስቅ የታች ስድስት ጥርሶቹ የሉም። ሰው የመታው መስሏት ማን እንደመታው ብትጠይቀው ይባስ ሳቀ።

«በኛ አገር ልጅ ሲያድግ ያወጣሉ። እኔ አላለቀስኩም! አያቴ ለመንደር ሁሉ ሄዶ፣ አላለቀሰም፣ አላለቀሰም፣ አለ።»

«አያምም?»

«እዚህ ሴቶች ድዳቸውን በመርፌ፣ ጥቅጥቅ፣ ጥቅጥቅ… አያምም?»

አንድ ቀን ከናቱ የመጣ ደብዳቤ እየተረጎመ አነበበላት። «ቀጭን ናት ትላለህ፣ አሟት ነበር ወይ? ጥርሷስ ሙሉ ነው ትላለህ፣ ወላጆቿ ምነው ሳያወጡላት ቀሩ?» ይላል። ሸዋርካብሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ እንባ እስኪወጣት ሳቀች። በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ከቀለሟ ሌላ ነውር የተገኘባት።

ውጭ ሲወጡ ግን ሳቅ የለም። መሳለሚያ ጋ ሲደርሱ የጫማ ጠራጊ ልጆች ሳጥናቸውን እየደበደቡ «ኮንጎ! ኮንጎ!» ይላሉ። ባለሱቋ ደረቷን ትመታለች፤ «ውይ በሞትኩት! ለዚች ልጅ ወንድ ጠፋ?» ይሄ በኛ በኩል ነው። የሱም ጓደኞች ዶርም ውስጥ ይሳለቁበታል አሉ። «ያበሻ ሴት አፍሪካ ውስጥ መሆኗን ካርታ ብታሳያት ካርታውን ትቀደዋለች» ይሉታል። ይሄን ሲነግራት እየሳቀ ነው፤ እሷ አልሳቀችም።

ወሬው እትዬ ታንጉት ዘንድ ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ነው። የሰሙት «ልጅሽ የስድስት ኪሎ ተማሪ ይዛለች» የሚለውን ብቻ ነው። ደስ አላቸው፣ ግን ደስታቸውን እንደ ቁጣ ነው የሚያወጡት።

«አንች! ፎቶ ቤት እየዋልሽ የዚህ ሰውዬ መልክ እንዴት አይታየኝም? ወይስ መልክ የለውም?»

«አለው እማዬ።»

«አምጭዋ!»

እሷና ኦዊኖ መስኮቱ አጠገብ ሆነው ፎቶ ተነሱ። በማግስቱ ሸዋርካብሽ ነጋቲቩን መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ ያሰበችው ግንባሩን ትንሽ ብቻ ነው። «ትንሽ ብቻ»፣ እንደ ሙሽሮቹ። ግንባሩ ሲቀላ ጉንጩ ጨለመባት። ጉንጩን ስታስተካክል አፍንጫው ሰፋባት። አፍንጫውን ስትሰለክክ ከንፈሩ ወፈረ። እጇ መንገዱን ያውቀዋል፣ ስንት ዓመት የሄደበት ነው። ሰዓቱ ሲገባደድ የቀረው ያ ሳቁ ብቻ ሆነ። እርሳሷን እንደገና ቀርጻ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ስድስት ጥርስ አንድ በአንድ ሰራችለት።

እትዬ ታንጉት ሙዝ የተደባለቀበትን ቅቤ ገና ቅጠሉ ሳይገለጥ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ነጋዴው ሁሉ ይፈራቸዋል። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አወጡት፣ ቀረብ አረጉት፣ ራቅ አረጉት።

«ኧረ የታባቱ! የደስ ደስ ያለው ጠይም! ጎንደሬ አይመስልም? ጥርሱን እይልኝ፣ በረዶ! በይ እሁድ ይምጣ፣ አስናቀውንም እጠራለሁ።»

ጋሽ አስናቀው ወንድማቸው ናቸው። ሸዋርካብሽ «እማዬ፣ አንድ ነገር…» ብላ ነበር። እናቷ ግን ፎቶውን ይዘው ጎረቤት ሊያሳዩ ወጥተዋል።

ሐሙስ ዕለት ኦዊኖ ለናቱ የሚልከውን የሁለቱን ፎቶ ሊወስድ መጣ። ሸዋርካብሽ ጓዳ ነበረች፤ ፖስታውን የሰጡት ጋሼ ኢስሐቅ ናቸው፣ ያውም በኩራት።

«እየው ልጄ! ሰው አስመሰለችህ!»

ሸዋርካብሽ ድምጻቸውን ሰምታ ስትሮጥ ወጣች፤ አልደረሰችም። ኦዊኖ ፎቶውን እያየ ምላሱን የታች ድዱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያረግ አገኘችው፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«ይሄ ማነው?»

ፎቶውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም።

«አንቺን አውቃለሁ፣ ይቺ አንቺ ነሽ። ከአንቺ አጠገብ ያለው ማነው?»

«ለእማዬ ብዬ ነው። እስክትለምድህ…»

«ይሄን ጋሼ ቢሰራው እስቃለሁ። እናትሽ ብትሰራው አለቅሳለሁ። አንቺ ስትሰሪው ምን ላድርግ?» ፎቶውን ባንኮኒው ላይ መልሶ አስቀመጠ። «እሁድ ይዤ የምመጣው ይሄን ፊት ነው። ሌላ የለኝም።»

እሱ ሲሄድ ነጋቲቩን አውጥታ እርሳሱን በሚያስለቅቅ አኳራጅ በነከረችው ጥጥ ጠረገችው። ጥርሱም፣ አፍንጫውም፣ ግንባሩም ጥጡ ላይ ቀረ። ለናቷ ግን አልነገረችም። አርብ እነግራለሁ አለች። ቅዳሜ እነግራለሁ አለች። ቅዳሜ እናቷ ዶሮ ገዝተው ሲገቡ አየችና ሳትነግር ሽንኩርት ልትልጥ ተቀመጠች።

እሁድ ኦዊኖ ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ጎጃም በረንዳን የልጅ መንጋ አስከትሎ ዘለቀው። ሸዋርካብሽ ገና ከጓዳ ሳትወጣ በሩን የከፈቱት እትዬ ታንጉት ናቸው። ቀና ብለው አዩት። ከዛ በትከሻው አሳልፈው መንገዱን አዩ።

«ጌታህ ወደኋላ ቀሩ እንዴ?» አሉት።



«ጌታ የለኝም እማማ» አለ ኦዊኖ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳ። «እኔ ነኝ።»

እትዬ ታንጉት ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሸዋርካብሽ ያኔ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ብትል የሚያምኗት መሰላት። «እሱ ነው እማዬ» አለች፤ ድምጿ ግን ለራሷም አልተሰማት።

እንግዳ ከበር አይመለስም። ገባ፣ ተቀመጠ። እትዬ ታንጉት እጅ አስታጠቡ። ከዛ ለራሳቸው፣ ለልጃቸውና ቀድመው ውስጥ ለተቀመጡት ለጋሽ አስናቀው አንድ ትሪ አቀረቡና ለኦዊኖ በብረት ሳህን ለብቻው አርገው፣ ማንኪያ ሰክተው፣ ፊቱ አኖሩለት። «የውጭ ሰው ስለሆነ እንዳይቸገር ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጋሽ አስናቀው እንግዳው አማርኛ የማይሰማ መስሏቸው ጎርሰው ጀመሩ።

«ታንጉት፣ አጥንት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም። የዚህን ማን ይቆጥረዋል? ደሞ እነዚህ ሰው ይበላሉ ነው የሚባል።»

«አይ ጋሼ» አለ ኦዊኖ፣ በትህትና። «አይዞሽ። አንቺ አትጣፍጪም።»

ጋሽ አስናቀው ትን አላቸው። ጀርባቸውን የሚመታላቸው ጠፋ። ሸዋርካብሽ ግን የምታየው ሳህኑን ነበር። ኦዊኖ ማንኪያውን ጎን አርጎ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ እንጀራ መቁረስ ያውቃል፣ እሷው ናት ያስተማረችው። አሁን ግን እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከትሪው ተነሳች። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና ከሱ ሳህን ቆርሳ ጎረሰች፤ ቆርሳም አጎረሰችው።

እትዬ ታንጉት፣ «እኔ ጠግቤያለሁ» ብለው ተነሱ። አንድ ጉርሻ አልጎረሱም።

እስከ መንገዱ ሸኘችው። ልጆቹ ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ዛሬ ከኔ ሳህን በላሽ» አላት። «ጥሩ ነው። ግን ሐሙስ ያጠፋኝ ያው እጅ ነው። ሁለቱንም አልረሳም።»

«ትመጣለህ?»

«እናትሽ ስትጠራኝ። አንቺ አይደለሽም፣ እሷ።»

እቤት ስትመለስ የብረት ሳህኑ ከዕቃው ተለይቶ፣ አጥሩ ስር አመድ ላይ ተጥሏል። አንስታ አጠበችው፣ ከሌሎቹ ጋር መለሰችው። ሰኞ ጠዋት ስትነሳ ሳህኑ ውጭ ነው። አሁንም አስገባችው። ማታ ከስራ ስትገባ፣ ደግሞ ውጭ። ጎረቤት ሁሉ አየ፤ የማይናገር ከልጅ እስከ አዋቂ አልነበረም። ያን ለት ማታ ሸዋርካብሽ ሳህኑን አጥባ የራሷን እንጀራ አወጣችበትና ግድግዳ ስር ተቀመጠች።

«በሱ ሳህን!» አሉ እናቷ።

«አሁን የኔ ነው እማዬ። ከዚህ በኋላ የጣልሽው እንደሆነ እኔንም አብረሽ ጣይኝ።»

ሳህኑ ማክሰኞ ውጭ አላደረም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንደኛዋ በትሪ አንደኛዋ በሳህን፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው መብላት ጀመሩ። ረቡዕ ኦዊኖ መጥቶ ከተጠረገው ነጋቲቭ እንደገና ያጠበችውን የሁለቱን ፎቶ ወሰደ። «ለእናቴ ይሄን እልካለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ሸዋርካብሽም የምትነግረው አልነበራትም፣ እናቷ አልጠሩትማ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሁለተኛው አርብ ማታ እትዬ ታንጉት ትሪው ፊት ብዙ ቆዩ። ሽሮው ቀዘቀዘ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?» አሉ በመጨረሻ፣ ዞር ሳይሉ።

«ሰምቻለሁ።»

«እና ነያ!» ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉላት። «ነይ ጉረሽ፣ እናትሽ አይደለሁ?»

ሸዋርካብሽ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። 

«ለሁለታችን አጉርሽን እማዬ። እሱንም ጥሪው።»

እትዬ ታንጉት እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ከዛ ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡት።