ኬላው ላይ ባለቤቴን ያቀፈው ነጋዴ

የዚያን ቀን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ አያሌው፣ በጀርባዬ ያዘልኳት ሕፃን ልጄ፣ የጭነት መኪናው ሹፌር፣ አንድ የአቡጀዲ ጨርቅ ነጋዴ፣ የማላውቃቸው ተሳፋሪዎችና ኬላ የሚጠብቁ ወታደሮች ነን። ደርግ ሊወድቅ ተቃርቦ፣ ውጊያው ወደ አገራችን ወደ እስቴ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ረስቻለሁ፤ ይህን ግን እጄ ሥራ በፈታ ቁጥር አስበዋለሁ።

አያሌው የታመመው ከተጋባን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጣቶቹ ብቻ ነበሩ። ኋላ እጁም፣ ትከሻውም፣ አንገቱም ሳያዝዛቸው ይወራጩ ጀመር። ለማረስ ዕርፍ መጨበጥ አቃተው። እኔ ካላጎረስኩት እህል ከአፉ አይደርስም፤ ውሃም ትን ይለዋል። ጎረቤቱ ዛር ነው ይላል። አማቴ ግን አባቱም እንዲህ ሆነው እንደሞቱ በጆሮዬ ነገሩኝ። ጠበሉ ሁሉ አልሆን ሲል ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ልወስደው ተነሳሁ።

መኪናው ላይ ነጋዴው ከጎናችን ተቀመጠ። አያሌው በተወራጨ ቁጥር በክርኑ ይመታዋል። ይቅርታ ብጠይቀው፣

“ምን ችግር አለ እቴ፣ የኔዋ ሚስት ከዚህ አብልጣ ትደቁሰኛለች” አለኝ።

ሳቅሁ። ከሳቅሁ ሰንብቼ ነበር።

ኬላው ላይ አስወረዱንና እጅ ወደ ላይ አሉን። አያሌውም አነሳ፤ እጁ ግን ከላይ አልቆይ አለው። ወርዶ ጋቢው ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ተወረወረ። አንዱ ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለ።

“አትነቃነቅ! ከጋቢው ሥር ምን ይዘሃል?”

“በሽተኛ ነው፣ በእናትህ!” ብዬ ጮኽኩ።

“እስክስታ የሚወርድ በሽተኛ ገና ዛሬ አየሁ!”

አያሌው ሲፈራ ይብስበታል። አትነቃነቅ ባሉት ቁጥር ጨመረ። አፉም ተሳሰረ። ልይዘው ስራመድ አፈሙዙ ወደ እኔ ዞረ። ጥይቱ እኔን አልፎ ያዘልኳትን ልጅ የሚያገኛት መሰለኝ፤ ባለሁበት ቆምኩ።

ያን ጊዜ ነጋዴው እጁን እንዳነሳ ቀስ ብሎ ሄደና አያሌውን ከኋላው አቅፎት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

“ወንድሜ ነው፣ ጓድ። ይኸው ይዤላችኋለሁ፣ ፈትሹት።”

ቢተኩሱ ሁለቱም ነበሩ የሚሞቱት። ፈተሹት። ከጋቢው ሥር የተገኘው ለሃጩን የምጠርግበት ጨርቅ ብቻ ነው።

አለቃቸው መጥቶ የሁለቱንም መታወቂያ ተቀበለ፤ አስተያየው።

“ሰይድና አያሌው? ይሄ እንዴት ያለ ወንድምነት ነው?”

“መንገድም ወንድም ያደርጋል፣ ጓድ” አለ ነጋዴው።

አለቃው አልሳቀም። “ዋሽተኸናል፤ አንተ ትቀራለህ” አለው። እኛን መኪናው ላይ ውጡ አሉን፤ ሹፌሩም አጣደፈን። መኪናው ሲነሳ ሰይድ ከወታደሮቹ መሐል ሆኖ፣

“እቴ፣ አንገቱን ደግፊው፣ መንገዱ ይነቀንቀዋል” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሐኪሙ መዳኛ የሌለው የነርቭ በሽታ ነው አለኝ። አባቱም ታመው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በዘር ይወርዳል አለ። አያሌው ዓመታት ተኝቶ በቤቱ፣ በእጄ ላይ አረፈ። ያች ሕፃን ዛሬ ራሷ ወላድ ናት። ብርጭቆ ባመለጣት ቁጥር ጣቶቿን አያለሁ፤ ለእሷ ግን ምንም አልላትም።

የሰይድን መጨረሻ አርብ ገበያ ከተማም ንፋስ መውጫም ሄጄ ጠይቄያለሁ። አንዱ ተፈቷል ይላል፣ ሌላው አላውቅም ይላል። ያኔ ጎልማሳ ነበር፤ ጠይም፣ ረጅም፣ ከፊት አንድ ጥርሱ የወለቀ። እንደነገረኝ አቡጀዲ እየያዘ እስቴና ጋይንት ይዞር ነበር። እሱን ወይም ልጆቹን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አሳውቁኝ።