ትርፌ እሳት ያላነደደችባቸው አራት ወራት

ሆሳዕና ውስጥ ስለ ትርፌ የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው እጇን ነው። ቆጮዋ ውስጥ ጥርስ የሚይዝ ቃጫ አይገኝም። ጎመኗ ተከትፎ ሲቀርብ እንደ ሻይ ቅጠል ደቃቅ ነው። በሰፈሩ ሠርግ ያለበት ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት እሷ ቀኑ ይመቻት እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሴትዮዋን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አይበቃም። ከግንቦት 12 ቀን 2016 እስከ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ትርፌ በገዛ ወጥ ቤቷ አንድ ቀን እንኳ እሳት አላነደደችም። ነገሯ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የተወለደችው ከጃጁራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በአባቷ ቤት መጀመሪያ ወንዶቹ በትልቁ ክፍል ይበላሉ፤ ቀጥሎ እንግዳ ካለ እንግዳው፤ ቀጥሎ ትንንሾቹ። እናትና ሴቶች ልጆች ከትሪው ላይ የተመለሰውን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆመውም ቁጢጥ ብለውም ይቀምሳሉ። ትርፌ ሙያዋን የለካችው በዚያ ትሪ ነበር። ምግቡ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ቀን የሚመለስ ነገር አይኖርም፤ እሷም ጾሟን ታድራለች። ይህን እንደ በደል ቆጥራው አታውቅም። የምታውቀው ቤት ሁሉ እንደዚያ ነበር።

በ1985 የሒሳብ መምህሩን ማቴዎስን አገባች። በመጀመሪያው ምሳ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ዞረች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወጥ ቤት።»

«ምን ቀረ?»

«ምንም።»

«ምንም ካልቀረ ተቀመጪ። ብቻዬን የምበላ ጅብ ነኝ እንዴ?»

የሚቀልድባት መሰላት። እሱ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ቆጮው ቀዘቀዘ። እዚያው ተቀምጠው የነበሩት እናቱ፣ «አንተ ልጅ፣ መድኃኒት አዙረውብሃል ልበል?» አሉት። ትርፌ በመጨረሻ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስት ጊዜ ጎረሰች፤ ከአፍረት የተነሣ የጎረሰችው ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። ከዚያ ቀን በኋላ ማቴዎስ ከተማ ውስጥ እያለ ለየብቻ ምሳ የበሉበት ቀን አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ አግብተው አዲሎና ዱራሜ ገቡ፤ ከወላጆቿ ጋር የቀረችው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ሳባ ናት።

በጥር 2016 ማቴዎስ የቆጮውን ጠርዝ መተው ጀመረ። ቀጥሎ በየጉርሻው ውኃ መጠጣት አመጣ። ትርፌ ጥፋቱን በቢላዋዋ ፈለገችው። ቆጮውን ከበፊቱ አድቅቃ ከተፈች፤ ደግማ ነፋች፤ ስስ አድርጋ ጋገረች። አልሆነም። ወደ ቡላ ገንፎ ዞረች፤ በመጋቢት ገንፎውም ቀረ። ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ወስደውት የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር መኖሩ፣ ለቀዶ ሕክምናም የዘገየ መሆኑ ተነገራቸው። በሆዱ በኩል ቱቦ ተደረገለት። አንዲት ነርስ ትርፌን አሠለጠነቻት፦ ሁለት ጊዜ ማጥለል፣ ለብ ማድረግ፣ በሲሪንጅ ቀስ ብሎ መስጠት፣ መጨረሻ ላይ በውኃ ማጠብ፤ በቀን ስድስት ጊዜ። ትርፌ አንዱንም ቀን አንዱንም ሰዓት አላሳለፈችም።

ግንቦት 12 ቀን ቅቤ አነጠረች። ኮሰረቱና ኮረሪማው ሲገባበት ሽታው ግቢውን አቋርጦ ማቴዎስ ከተኛበት ክፍል ደረሰ። አፉ ምራቅ ሞላ። ለመዋጥ ሞከረ፤ አልወርድ አለው፤ ወደ መተንፈሻው ሄደ። ትርፌ ሮጣ ስትደርስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሳባ ጀርባውን እየመታች ታለቅስ ነበር። ተረፈ። ትርፌ ግን ተመልሳ ምድጃውን አጠፋች፤ አመዱን ጠርጋ አወጣች፤ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች። የባሏን ወተትና አጥሚት በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጓዳ ውስጥ ማሞቅ ያዘች። ከዚያ አጥሩን ተሻግራ ጎረቤቷ ገነቴ ዘንድ ሄደች።

«ገነቴ፣ ወጥ ቤትሽን አውሺኝ።»

«ወጥ ቤት ይዋሳል እንዴ፣ አንቺ ሴት? ይልቅ አንቺ አጠገቡ ሁኚ፤ እኔ ሠርቼ አመጣለሁ።»

ገነቴ ፕሮቴስታንት ናት፤ እነ ትርፌ ካቶሊክ ናቸው። በዚያ አጥር በኩል ግን ለሃያ ዓመት ያልተሻገረ ዕቃ የለም። ቃሏን አከበረች። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ምግቡን በእንሰት ቅጠል ሸፍና፣ በነጠላዋ ከልላ፣ ሽታው በመስኮቱ እንዳይገባ በጓሮ በኩል ትመጣለች። ትርፌ በሁለት እጇ ትቀበላታለች። አይነጋገሩም። እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው ይበላሉ። ሳባ አንድ ዱቄት የነበረበት ጣሳ ላይ ትቀመጣለች፤ ትርፌ ቆማ ትጎርሳለች፣ ያውም ሁለቴ ሦስቴ። አፏ የገባው ነገር ሁሉ ከእሱ የተነጠቀ ይመስላት ነበር።

«በላችሁ?» ይላል ማቴዎስ ስትመለስ።

«በላን።»

የእጇን አንጓ ያያል። መቀነቷ ድሮ ሁለት ዙር ነበር፤ አሁን ሦስት ዞሮም ይተርፋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ አዲስ ዓመት ገባ። መስከረም 10 ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ናስረዲን ከሾኔ መጣ። ከማቴዎስ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሾኔ የሚኖር ሰው ነው። ክረምቱን ሙሉ አልመጣም ነበር። የግቢውን በር ከፈት እንዳደረገ ያየው ይህን ነው፦ የምሳ ሰዓት ሆኖ ከወጥ ቤቱ ጭስ አይወጣም፤ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የተሸፈነ ምግብ ይዛ በጓሮ ትገባለች፤ ትርፌ ከስታ፣ ጠቁራ፣ ያለ ቃል ትቀበላታለች።

በዚያ አገር ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ ምግብ ከጎረቤት ተሸፍኖ ይመጣል። ናስረዲን ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። የያዘውን ፌስታል ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልደርስልህ! ሳልቀብርህ!»

ገነቴ ደነገጠች። ሰውዬው ከውጭ የሰማው ነገር ያለ መሰላትና እሷም ጮኸች። ሳባ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። በዚህ መካከል ከመስኮቱ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«ናስረዲን! ማን ሞተብህ?»

ገነቴ ጩኸቷን አቋርጣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አንተ… አለህ እንዴ?» አለ ናስረዲን፣ እጁን ከራሱ ላይ ሳያወርድ።

«ለጊዜው አለሁ። አልቅሰህ ከጨረስክ ግባ።»

ናስረዲን ገብቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ከአፍረቱ የተነሣ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ዐይኑን ይጠርጋል። ማቴዎስ አልሳቀም። ምን አይቶ እንዲያ እንዳለ እንደ ተማሪ ጠየቀው፤ ናስረዲንም ጭሱን፣ ቅጠሉን፣ የጓሮውን መንገድ፣ የትርፌን ዝምታ አንድ በአንድ ነገረው። ማቴዎስ ሰምቶ ሲያበቃ የሀዲያን ዘመን መለወጫ አንሥቶ፣ «ያሆዴን እዚህ ነው የምታሳልፈው?» አለው።

«እህቴ ቤት እከርማለሁ።»

«እንግዲያው ዋዜማው ቀን እዚህ ና። ለለቅሶዬ የደረስክ ለአተካናዬ አትቀርም።» አተካና ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው የዋዜማው ምግብ ነው።

ናስረዲን ከሄደ በኋላ ትርፌን ጠራት።

«የሳባ እናት፣ ነይ እዚህ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሞትኩት?»

«እንዲህ አትበል።»

«ጠየቅኩሽ።»

«እንዳያንቅህ ብዬ ነው። ያን ቀን ፊትህን ስላላየኸው ነው።»

«ለእኔ ብለሽ መሆኑን መች አጣሁት? ግን የገዛ ለቅሶዬን አልጋዬ ላይ ተኝቼ ሰማሁ እኮ።» ድምፁ እስኪመለስለት ጠበቀ። «የት ነው የምትበይው?»

«ጓዳ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

ትርፌ አቀረቀረች።

«ወደ አባትሽ ቤት መለስኩሽ ማለት ነው» አለ።

ትርፌ በሽታው ከገባ ጀምሮ ፊቱ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች። እሱ እስክትጨርስ ጠበቀና፣ «የያሆዴ ዋዜማ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አተካናው እዚሁ ቤት ይሠራል፤ እዚሁ ክፍል ይበላል። አፌ ውኃ ከሞላ እተፋዋለሁ፤ ኩባያ አስቀምጪልኝ» አላት።

«አልችልም።»

«ምኑን?»

«ፊትህ መዋጥ አልችልም፣ ማቴዎስ። አይወርድልኝም።»

«እኔ መዋጥ ያቃተኝ በበሽታ ነው። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

እነዚያን ስድስት ቀናት ትርፌ በጭንቀት አሳለፈቻቸው። ካበሰለች ልታንቀው ነው፤ ካላበሰለች ደግሞ በቁሙ ልትቀብረው ነው። አንድ ጊዜ ገነቴን «አንቺው ሠርተሽ አምጪው፣ እኔ ሠራሁ እለዋለሁ» ብትላት ገነቴ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ያንቺን እጅ ሠላሳ ዓመት የበላ ሰው ነው፤ በሽታው አፍንጫውን አልወሰደውም» አለቻት።

አተካና በወጉ የሚበላው በያሆዴ ዋዜማ ሲመሽ ነው። ማቴዎስ ሲመሽ ስለሚደክም መስከረም 16 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። ትርፌ ወጥ ቤቷን ከፈተች። ከጓሮው ጉድጓድ የነበረውን ቡላ አውጥታ በውኃ ፈታች፤ አጠለለች፤ የፈላ ወተት ላይ እየጨመረች ያለ ፋታ አማሰለች። ሳባ በመካከሉ ትመላለሳለች፦ «አባዬ ደኅና ነው። ተቀምጧል።» ቅቤው ሲገባ ትርፌ ማማሰሏን ሳታቆም በጆሮዋ ወደ ቤቱ ታዳምጥ ነበር። ሳል ተሰማ። ቆመ። ደግሞ ተሰማ። ሳባ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ተፋው። ‹ቀጥሉ› ይላል።»

አተካናውን ይዘው ሲገቡ ማቴዎስን በትራስ ተደግፎ ተቀምጦ፣ ኩባያውን በእጁ ይዞ አገኙት። ናስረዲን ቀድሞ ደርሷል። ገነቴ በፊት ለፊት በር ገብታ የት እንደምትቀመጥ ጠፋት፤ «ባዶ እጄን እዚህ ቤት ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ትርፌ ለእያንዳንዱ ሰው በጣባ ቀድታ ከአልጋው አጠገብ አደለች፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። ለራሷም ቀድታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ማንም ማንኪያ አላነሣም። ምግብ ፊቱ አድርጎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው «እንብላ» ሳይል የሚጀምር በዚያ አገር የለም፤ ያን ቃል ለእሱ ማለት ግን ለሁሉም ከበዳቸው።

ማቴዎስ ትርፌን ብቻ ነበር የሚያየው።

«እንብላ» አለችው።

«ብሉ። ይባረክ።»

ሦስቱ ጀመሩ። ትርፌ አንድ ማንኪያ አነሣች፤ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያው ያዘችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አወቀ። ናስረዲን ጣባው ላይ አቀረቀረ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዋጠች።

«ምን ምን ይላል?» አለ ማቴዎስ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ማለት መልስ አይደለም። ምን ምን ይላል?»

ደግማ ቀመሰች። «ቡላው ትንሽ ኮምጧል። ሰንብቷል። አፍ ላይ አይታወቅም፤ ወደ ውስጥ ሲሄድ ነው፣ ጉሮሮ ላይ…» አለችና ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ክው ብላ ቀረች። ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ጉሮሮ ላይ ምን?»

«ሲወርድ… ቆንጠጥ ያደርጋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቅቤው ይደርስና ያለዝበዋል። ከዚያ ይሞቃል። እስከ ደረት ድረስ ይሞቃል።»

ማቴዎስ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ ወደ ኩባያው ጎንበስ ብሎ ተፋ፤ አፉን ጠረገ። ትርፌ ልትነሣ ስትል በእጁ መለሳት።

«ኮሰረቱ በዝቷል» አለ።

«አልበዛም!»

«ከዚህ ሆኜ አውቄዋለሁ።»

«አራት ወር ቅቤ ሳያሸት የከረመ ሰው ሁሉም ነገር ቢበዛበት አይደንቅም» አለች፤ በንዴት። ናስረዲን መጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያው ሳቁ አመለጠው። ማቴዎስም ያለ ድምፅ ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ትርፌ በንዴቷ ሌላ ማንኪያ አነሣች፤ መዋጧን ሳታስተውል ዋጠች፤ ጣባው ባዶ ሆነ።

«ጨምሩላት» አለ።

ማቴዎስ ከዚያ በኋላ አርባ አንድ ቀን ኖረ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ትርፌ ምሳዋን ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ በላች፤ የበላችው ነገር እንዴት እንደሆነም ነገረችው። በመጨረሻው ቀን ምሳው ቆጮና ጎመን ነበር። መናገር አቅቶት ስለነበር በዐይኑ ጠየቃት። ጎመኑ ጨው አንሶታል አለችው። ወደ ወጥ ቤቱ በጣቱ አመለከታት። ሄዳ ጨው ይዛ መጣች፤ ነስነስ አድርጋ ቀመሰች፤ አሁን ልክ ነው አለችው፤ ተቀምጣም ጨረሰችው።