የኒካው ምስክር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የቡና ለቀማው ሲያልቅ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ።

ጅማ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። አጋሮ ቡና ከሚነግደው ባሌ ከከማል ስንፋታ ፍርድ ቤቱ ቀለብ እንዲከፍለኝ አዘዘው። "ይግባኝ እላለሁ" እያለ ሲፎክር የይግባኙ ጊዜ አለፈበት። ከዚያ "ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ አልተነሳሁም" ብሎ፣ የሐኪም ወረቀት አያይዞ፣ ዘግይቶ ይግባኝ እንዲፈቀድለት አመለከተ። ቀለቡም እስከዚያው ታገደ። በቀጠሮ ብዛት ስድስት ወር ተጉላላሁ። የምበላው ሲያጥረኝ የስፌት መኪናዬን ልሸጥ ገዢ አነጋገርኩ።

አንድ ቀን ካገባች ዓመት ያልሞላት ሀያት የምትባል ልጅ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። አላውቃትም። ስለካት በእጇ የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ጋብቻዋን ልታስመዘግብ የምትወስደው የኒካ ወረቀት ነው። ዓይኔ ምስክሮቹ የፈረሙበት ላይ አረፈ። ያንን ጅራተ ረጅም ፊርማ አስራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ።

"ሜ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ኒካሽ መቼ ነበር?" አልኳት።

የነገረችኝ ቀን ከማል አልጋ ላይ ነበርኩ ባለበት ጊዜ መሃል ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ይሄ ሰው ለኒካ ምስክርነት ከተጠራ መቼም አይቀርም፤ ከፊት ተቀምጦ ካልፈረመ ሰርጉ ሰርግ አይመስለውም።

ጉዳዬን ነገርኳት። 

"የአባቴ ጓደኛ ነው፤ አባቴ ይቆጣኛል" አለች። ቀጥላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። "ግን ወላሂ እትዬ፣ የተጻፈው እውነት ነው። ኮፒ ያድርጉት።"

በቀጠሮው ቀን ሀያት ዋናውን ወረቀት ይዛ መጣች። አባቷም ፊታቸውን አጨፍግገው ከጎኗ ተቀመጡ። ዳኛው ወረቀቱን ለከማል አሳዩት።

"ፊርማው የእርስዎ ነው?"

ከማልን አላበው። አይደለም ቢል በጓደኛው ፊት የልጅቷን ኒካ ከሚያጸኑት ሁለት ምስክሮች አንዱን ሊያጎድልበት ነው። ነው ቢል በሽታው ውሸት ሊሆን ነው።

"የኔ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፣ እግዱም ተነሳ። የሀያት አባት ሲወጡ ከማልን ሰላም ሳይሉት አለፉ፤ ልጃቸውን ግን አልተቆጧትም። እኔ ከፍርድ ቤቱ እስከ ሱቄ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም።

የሀያትን ቀሚስ በነጻ አጠበብኩላት። መኪናዬም አልተሸጠችም፤ ይህን የምጽፈው እሷው ላይ ተደግፌ ነው። አሁን ሙሽራ ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ፣ ወገቧን ከመለካቴ በፊት ምስክሮቿ እነማን እንደሆኑ እጠይቃታለሁ።